ኮረም እና ኬምብሪጅ፦ ፎቶ የተነሣው ሰው የት አለ?

ስለ ፎቶ አንሺዎች የተሠሩ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞችን አከታትዬ አየሁ።

ቪም ቬንደርስ ከጁሊያኖ ሳልጋዶ ጋር ያዘጋጀው «የምድር ጨው» (2014 እ.ኤ.አ.) የጁሊያኖን አባት፣ ብራዚላዊውን ሰባስቲያኦ ሳልጋዶን ይከተላል። ሳልጋዶ ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ፊት ተቀምጦ የገዛ ፎቶዎቹን እያየ ይተርካል፤ ፊቱ ከምስሉ ጀርባ ብቅ ይላል። ታሪኩ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ላይ ሲደርስ ግን ፊልም ማየቴን ረሳሁ። በኮረም መጠለያ አቧራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ የተከናነቡት የእኛው ሰዎች ናቸው። ሐዘናቸውን የምንሰማው ግን በአንሺው አንደበት ነው። ሳልጋዶ ከልቡ መጎዳቱን አልጠራጠርም። ቢሆንም ከዚያ መከራ የተረፈ አንድ ሰው ፈልጎ ማናገር ይህን ያህል ይከብድ ነበር?

የኤሮል ሞሪስ «ቢ-ሳይድ» (የሸክላ ሁለተኛው ገጽ እንደ ማለት፤ 2016 እ.ኤ.አ.) ዓለምን አይዞርም። ፎቶ አንሺዋ ኤልሳ ዶርፍማን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ኬምብሪጅ፣ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ፎቶ ወዲያው በሚያወጣ ግዙፍ የፖላሮይድ ካሜራ ቤተሰቦችን ታነሣ ነበር። ሁለት ታነሣና ደንበኛው የወደደውን ይወስድ ነበር፤ የተተወው እሷ ጋ ይቀር ነበር፤ የፊልሙ ርዕስም ከዚያ የመጣ ነው። እዚህም ተራኪዋ አንሺዋ ናት፤ ተነሺዎቹም በአብዛኛው ወዳጆቿና መክፈል የቻሉ ናቸው።

በምስል ቅንብር ከሆነ ሳልጋዶ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። እኔ ግን የዶርፍማንን እመርጣለሁ፤ እሷ ጋ የተነሣው ሰው «ይህኛው ይሁንልኝ» ብሎ ፎቶውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በኮረም መጠለያ ማንም እንዲመርጥ አልተጠየቀም።