የቴሉራይድ ነፃ ጎንዶላ፦ ተራራውንና ጥበቡን ያገናኘ መጓጓዣ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሳን ሁዋን ተራሮች መካከል የምትገኘው ቴሉራይድ ለመኖሪያነት የምትመረጥበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ከበረዶ ሸርተቴውም ከፌስቲቫሎቹም አስቀድሜ የምነግረው ያለ ክፍያ ስለሚያመላልሰው ጎንዶላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ሥራ የጀመረው ይህ የገመድ ላይ መጓጓዣ ቴሉራይድን ከተራራው ማዶ ካለችው ማውንቴን ቪሌጅ ጋር ያገናኛል። በመኪና ዞሮ ለመድረስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ያስፈልጋል፤ በጎንዶላው ግን ጉዞው 13 ደቂቃ ገደማ ነው።

ካቢኗ ስምንት ሰው ትይዛለች። ጣቢያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም በዝግታ እየተንቀሳቀሰች ስለምትመጣ፣ እርምጃን ከእርሷ ጋር አስተካክሎ መግባት ያስፈልጋል። በሩ ሲዘጋ የማሽኑ ድምፅ ከኋላ ይቀራል፤ የከተማዋ ጣሪያዎች ከእግር ሥር እያነሱ ይሄዳሉ፤ በመጸው ወራት ደግሞ ቅጠላቸው ወደ ቢጫ የተለወጠው የአስፐን ዛፎች በሁለቱም መስኮቶች በኩል ያልፋሉ። መሐል ላይ ያለው የሳን ሶፊያ ጣቢያ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እንጦጦ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አየሩ እንዴት እንደሚሳሳ ለመገመት አይቸገርም። የእግር ጉዞ የሚወድ እዚያው ወርዶ መንገዱን ይጀምራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን አብሮ የሚሳፈረው ሰው ነው። ለሥራ ፈረቃው የሚቸኩል አስተናጋጅ፣ ብስክሌቱን የያዘ ወጣትና ፊልም ሊያይ የሚሄድ እንግዳ በአንድ ካቢን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በ1974 የተጀመረው የቴሉራይድ ፊልም ፌስቲቫል ከሚጠቀምባቸው አዳራሾች አንዱ ማውንቴን ቪሌጅ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በእነዚያ ቀናት ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ራሱ በተራራው ላይ ያልፋል። ተፈጥሮና ጥበብ ለየብቻ ቀጠሮ ሳይያዝላቸው የዕለት ኑሮ አካል የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው፤ ያውም ባለመኪና ላልሆነውም ጭምር።

ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው በማውንቴን ቪሌጅ ቤትና ቦታ ሲሸጥ ከሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ከባለሀብቱ የንብረት ግብይት የሚገኝ ገንዘብ ለሁሉም ሰው መጓጓዣ መዋሉን እኔ ትክክለኛ አሠራር ብዬ አምናለሁ።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። በጸደይና በመጸው መገባደጃ ለሳምንታት ይዘጋል፤ መብረቅ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ሲኖርም ይቆማል። ከዚህ የሚከብደው፣ በቤት ውድነት ምክንያት ራቅ ባሉ ከተሞች የሚኖሩት ብዙ ሠራተኞች ጎንዶላው ጋ ለመድረስ አስቀድመው ረጅም መንገድ መጓዝ ያለባቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደዚያ ለመዛወር የሚያስብ ሰው የሚከራየውን ቤት ከጎንዶላው ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ እንዲፈልግ፣ ውልም ከመፈረሙ በፊት አገልግሎቱ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ከተማዋን እንዲያያት አጥብቄ እመክራለሁ።