ወጣ ገባ የኮንክሪት ወለልን ማስተካከል፦ የሲሚንቶ ስክሪድ፣ ሰልፍ ሌቭሊንግ ወይስ በግራይንደር መላግ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ወለሉን ለማልበስ የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ የሚመርጠው ሴራሚኩን ወይም ላሚኔቱን ነው፤ ከሥር ያለው ኮንክሪት ወጣ ገባ የመሆኑ ጉዳይ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ከገባ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔም አብዛኛውን ጊዜ አንድ፣ ስክሪድ የሚባለው የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ ነው፦ «ሁሉንም ክፍል አራት ሴንቲ ስክሪድ እናልብሰው»። ይህ ምክር ትክክል የሚሆንበት ቤት አለ፤ በብዙ ቤቶች ግን ከሚያስፈልገው በላይ ወጪ፣ ክብደትና ጊዜ ይጠይቃል። ምርጫውን መወሰን ያለበት የአንድ ከረጢት ዋጋ ሳይሆን የወለሉ ጉድለት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነና በላዩ ላይ ምን እንደሚነጠፍ ነው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በክፍሉ ቁመት፣ ወርድና ሰያፍ እያስተኙ በሥሩ የሚታየውን ክፍተት በማስመሪያ መለካት፣ ጉብታውን በጠመኔ በመስቀል፣ ስርጉዱን በክብ ምልክት እያደረጉ ጥልቀቱን እዚያው ወለሉ ላይ መጻፍ በቂ ነው። ብዙዎቹ የላሚኔት አምራቾች በ2 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያልበለጠ ልዩነት ይጠይቃሉ፤ ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ጉድለቱን ይሞላዋል የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ ስርጉድ ላይ ያረፈ ላሚኔት በተረገጠ ቁጥር እየተንጫጫ በመጨረሻ መጋጠሚያው ይሰበራል። አንድ ወለል በውሃ ልክ ሲታይ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሆኖ ገጹ ግን ወጥ ሊሆን እንደሚችልም ማወቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ወለል፣ ማዘንበሉ ዓይን ካልሳበና የቁም ሣጥንና የወጥ ቤት ካቢኔት ካላስቸገረ በስተቀር፣ እንዲስተካከል ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። መታጠቢያ ቤትና በረንዳማ ጭራሹን በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው ማዘንበል አለባቸው።

የሲሚንቶና የአሸዋ ስክሪድ ትልቁ ጥቅሙ ዕቃው በየሰፈሩ መገኘቱና ማንኛውም ግንበኛ ሥራውን ማወቁ ነው። ጥልቅ ጉድለትን፣ ለምሳሌ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚሞላ ሌላ ነገር የለም። ችግሩ ስስ ሆኖ መሥራት አለመቻሉ ነው፤ ከነባሩ ኮንክሪት ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ስክሪድ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል፤ ከዚያ ከሳሳ ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል። ነባሩ ገጽ በመዶሻና በመሮ ተጭሮ፣ አቧራው ተጠርጎና ውሃ ጠጥቶ ካደረ በኋላ ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ ተቀብቶ፣ ሊጡ ሳይደርቅ ስክሪዱ መፍሰስ አለበት። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሥራ ከወራት በኋላ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ስክሪዱ ከፈሰሰ በኋላ ለሳምንት ያህልም ውሃ ሊጠጣ ይገባል። አሸዋው ጭቃ የበዛበት ከሆነ ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ ከተቆለለው ጥቂት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ እስኪረጋ መጠበቅና በላዩ የሚቀረውን የደለል ንጣፍ ማየት ቀላል መፈተሻ ነው።

ሰልፍ ሌቭሊንግ እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ፖሊመር የያዘ ሆኖ በውሃ ሲበጠበጥ እየፈሰሰ ራሱን የሚያስተካክል ድብልቅ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተዘጋጁ ናቸው፤ የሚችሉት ውፍረት ከረጢቱ ላይ ስለሚጻፍ ሳያነቡ መግዛት አይገባም። የምርት ቀኑም እንዲሁ መታየት አለበት፤ ጊዜው አልፎ ወይም እርጥበት ገብቶበት የጓጎለ ዱቄት በርካሽ ቢሸጥም ዋጋ የለውም። አሠራሩ ይቅርታ አያውቅም፦ ወለሉ ፕራይመር በሚባለው የመጀመሪያ ቅብ ካልተቀባ ደረቁ ኮንክሪት ውሃውን ስለሚመጥጠው ድብልቁ ሳይስተካከል ይቆማል፤ ተበጥብጦም ከ20 ደቂቃ ገደማ በላይ አይቆይም። ስለዚህ አንዱ ሲበጠብጥ ሌላው ከበሩ ራቅ ካለው ግድግዳ ጀምሮ እያፈሰሰ መምጣት አለበት። ውሃው በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን ይለካል፤ «ይበልጥ እንዲፈስ» ተብሎ አንድ ሊትር ቢጨመርበት ገጹ ደርቆ በጥፍር ሲጫር ዱቄት ይሆናል። በኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ በቧንቧ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች አስቀድሞ መድፈን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ድብልቁ ወደ ታችኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይወርዳል።

ሁለቱን በአንድ ክፍል ላይ ማነጻጸር ልዩነቱን ያሳያል። 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በ4 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ ሲለብስ በ1 ለ 4 ውህድ አምስት ገደማ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶና ሁለት ሦስተኛ ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ይፈልጋል፤ ወለሉ ላይ የሚጨመረው ክብደትም 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። ያው ክፍል በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ሰልፍ ሌቭሊንግ ቢፈስበት፣ በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 1.7 ኪሎ ያህል ስለሚወስድ፣ 136 ኪሎ ማለትም ስድስት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ይበቃዋል። የአንዱ ከረጢት ዋጋ ከሲሚንቶ ብዙ እጥፍ ነው፤ ነገር ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያን ሁሉ አሸዋ የሚያወጣው ሰው ክፍያ ሲደመር ልዩነቱ ይጠባል። በዚህ ላይ ስክሪዱ ወለሉን 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚያደርገው በሮች ከሥር መቆረጥ አለባቸው፤ የመግቢያው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ የብረት ስለሆነ ብየዳ ቤት ያስኬዳል። ጊዜውም ይለያያል፦ ስክሪድ በአማካይ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚደርቅ ላሚኔት ወይም ፓርኬ የሚነጠፍበት ከሆነ 40 ቀን ያህል መጠበቅ ይጠይቃል፤ በክረምት ከዚያም ይረዝማል። በሰልፍ ሌቭሊንግ ላይ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ መራመድ ይቻላል፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ ሴራሚክ በማግስቱ ይለጠፋል።

በግራይንደር መላግ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምርጫ ነው። ወለሉ በጠቅላላው ደህና ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ጉብታዎች ብቻ ካሉት፣ ጉብታውን በአልማዝ ዲስክ ልጎ ቀሪውን ስርጉድ በትንሽ የሰልፍ ሌቭሊንግ ድብልቅ መሙላት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለአብዛኛው የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ትክክለኛው መልስ ነው። ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ግን መላግ አይገባም። የኮንክሪት አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለው ተራ የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም፤ አቧራ የሚስብ ማሽን መጠቀም ወይም እያረጠቡ መሥራት፣ በእርጥቡም ጊዜ ከኤሌክትሪክ አደጋ መጠንቀቅ ይገባል።

ከ1 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያለው ጥልቀት ለስክሪድ ስስ፣ ለተራው ሰልፍ ሌቭሊንግ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ አስቸጋሪው መሐል ነው። ስርጉዱን ላቴክስ (ማጣበቅን የሚጨምር ፈሳሽ) በተቀላቀለበት ሞርታር ሞልቶ በላዩ ስስ የሰልፍ ሌቭሊንግ ድብልቅ ማፍሰስ ያዋጣል። ሴራሚኩ በወፍራም ሞርታር የሚነጠፍ ከሆነ ግን አንጣፊው ራሱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድለትን በሞርታሩ ስለሚያስተካክለው ከሥር ሰልፍ ሌቭሊንግ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ትልልቁ 60 በ60 ሴራሚክ በስስ ማጣበቂያ ሲለጠፍ ነው ወጥ ወለል የግድ የሚያስፈልገው።

በመረሬ አፈር ላይ የተሠራ ምድር ቤት ጉዳዩ ሌላ ነው። አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ ስለሚሟሽሽ ወለሉ ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል፤ ስንጥቁ ወቅት ሲቀየር የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ከሦስቱ አንዱም አይረዳም፤ መጀመሪያ መሠረቱና የዝናብ ውሃ መውረጃው በባለሙያ መታየት አለባቸው። እርጥበትን ለመፈተሽ ግማሽ ሜትር ያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ወለሉ ላይ አጣብቆ አንድ ቀን ማቆየት ነው፤ ከሥሩ ጠል ከታየ ላሚኔት ከመነጠፉ በፊት እርጥበት መከላከያ ያስፈልጋል።

ከሠራተኛ ጋር ሲዋዋሉ «ይስተካከላል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። በ2 ሜትር አሉሚኒየም ሥር የሚፈቀደው ትልቁ ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ የመጨረሻው ከፍታ ከበሩ ደፍ ጋር በምን ልክ እንደሚገናኝና የወለሉ ድምፅ ከደረቀ በኋላ እንደሚፈተሽ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ከዚህ ፍተሻ በኋላ እንዲሰጥ መስማማት ይሻላል።