ጣና ዳር ያለችው ትንሿ ኮሌጄ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ ባሕር ዳር የመጣሁት የአካባቢ ሳይንስ ለመማር ነው። ትልቅ ግቢ ትቼ ትንሽ ኮሌጅ መረጥኩ። ክፍላችን ውስጥ 19 ነን፤ መምህራችን ሁላችንንም በስም ያውቀናል።

የምወደው ሐሙስን ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ሐይቁ ዳር እንወርድና እምቦጭ እንነቅላለን። አረሙ ጣና ላይ የታየው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነቅለን ስንጨርስ መልሶ ይበቅላል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያላ! ይህን በጉልበቴ ደክሜ ነው የተረዳሁት። አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል የሚባለው የውሃ ዳር ተክል የት ድረስ ይደርስ እንደነበር በእጃቸው ሲያሳዩኝ ሆዴ ባባ።

ቤተ ሙከራው ግን ደካማ ነው። የውሃ መመርመሪያው አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ያሰለቻል። ከመመዝገባችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን እዩ፤ መስክ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚወጡም ተማሪዎቹን ጠይቁ።