ኖርዘርን የባቡር አገልግሎት፦ ፉርጎው ተሻሽሏል፣ ትኬቱ ግን አሁንም ወጥመድ አለው

ሊድስ፣ ሼፊልድ፣ ማንቸስተር ወይም ብራድፎርድ የሚኖር ሐበሻ መኪና እስኪገዛ ድረስ ኖርዘርን ባቡር ላይ መሳፈሩ አይቀርም። ወደ ሥራ፣ ወደ ኮሌጅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ ጥየቃ የሚኬደው በዚሁ ነው። ድርጅቱ ከማርች 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነው፤ ከዚያ በፊት አሪቫ የተባለው ኩባንያ ያስተዳድረው ነበር። ባለቤቱ ስለተቀየረ ብቻ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ባቡሩ ራሱ ደህና ነው፤ ዋጋውም አገዛዙን ለሚያውቅ አይከብድም። የሚያስቸግሩት እሑድና የትኬት ደንብ ናቸው፤ ከሁለቱ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በትኬቱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፉርጎው። ከአውቶቡስ አካል የተሠሩት፣ ሐዲዱ በታጠፈ ቁጥር የሚጮኹትና የሚዘሉት ፔሰር የሚባሉ አሮጌ ባቡሮች በ2020 መጨረሻ ከኖርዘርን መስመሮች ወጥተዋል። አሁን የሚመጣላችሁ ባቡር ምን ዓይነት እንደሆነ ከፊቱ ላይ ካለው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይታወቃል። በ195 የሚጀምር ከሆነ በ2019 ሥራ የጀመረ፣ ካፍ የተባለው የስፔን ፋብሪካ የሠራው የናፍጣ ባቡር ነው። አየር ማቀዝቀዣና የስልክ መሙያ ሶኬት አለው፣ ጣቢያዎቹንም በስክሪንና በድምፅ ይናገራል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት ሰፊ መጸዳጃ ቤትም አለው። 331 የሚለው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ወንድሙ ነው። በ150 የሚጀምር ከሆነ ግን ከ1984 እስከ 1987 ባለው ጊዜ የተሠራ ስፕሪንተር የሚባል አሮጌ ባቡር መጥቷል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ የለውም፤ በበጋ ያላችሁ አማራጭ ከላይ ያለችውን ጠባብ መስኮት መክፈት ነው። ሞተሩ ከእያንዳንዱ ፉርጎ ወለል ሥር ስለሆነ ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሳ ንዝረቱ በእግር በኩል ይወጣና መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ፉርጎ ሁለት ሞተር ነው። አንዱ ቢበላሽ ባቡሩ አይቆምም፣ በሌላው ይቀጥላል፤ ዳገት ላይ ግን ደቂቃዎች ይበላል። ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ በሰዓቱ ሲሄድ የቆየ ስፕሪንተር ተራራ ሲጀምር ድንገት የሚዘገየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የአገልግሎቱን ጥሩም መጥፎም ጎን ባንድ ጉዞ ለማየት ከማንቸስተር ፒካዲሊ ወደ ሼፊልድ የሚወስደው የሆፕ ቫሊ መስመር ይበቃል። የኖርዘርን ባቡር በየመንደሩ እየቆመ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያው ሐዲድ ላይ ትራንስፔናይን ኤክስፕረስና ኢስት ሚድላንድስ ሬልዌይ የሚባሉ የሌሎች ድርጅቶች ፈጣን ባቡሮች አሉ፤ እነሱ 50 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስድባቸው። የመጀመሪያው ወጥመድ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ትኬታችሁ «ኖርዘርን ኦንሊ» የሚል ከሆነ ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ፈጣኖቹ ላይ አይሠራም። መድረሻው አንድ፣ ሐዲዱም አንድ ስለሆነ «ሼፊልድ እስከሆነ ድረስ ምን አገባው» ብሎ ፈጣኑ ላይ የሚወጣ ሰው ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል። «ኤኒ ፐርሚትድ» የሚል ከሆነ በሁሉም ትሄዳላችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ትኬቱ ላይ «ሩት» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ።

ፒካዲሊ ጣቢያ ራሱም ጊዜ ይበላል። ፈጣኖቹ በአብዛኛው የሚነሱባቸው 13 እና 14 ቁጥር ፕላትፎርሞች ከዋናው አዳራሽ ውጪ፣ በጎን በኩል ናቸው። አዲስ ሰው ከሆናችሁ ለእግር መንገዱ ብቻ 10 ደቂቃ ያዙ። በሮቹ የሚዘጉት ባቡሩ የሚነሳበት ደቂቃ ከመድረሱ በፊት ነው፤ 10:43 የሚል ባቡር ላይ 10:43 ሲል መድረስ አምልጦ መቅረት ነው። በሩም ራሱ አይከፈትላችሁም፣ ቁልፉ መብራት ሲያበራ ተጫኑት።

መንገዱ ግን የሚያስደስት ነው። ከቺንሊ በኋላ ባቡሩ 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ካውበርን ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ኢዴል ሸለቆ በሁለቱም ወገን በአረንጓዴ ተራራ ተከቦ ይጠብቃል። የፔናይን ዌይ የእግር መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ መንደር ነው። ቀጥሎ ሆፕ፣ ባምፎርድ፣ ሃዘርሴጅ፣ ከዚያ ግሪንድልፎርድ። የግሪንድልፎርድ ፕላትፎርም የሚያልቀው ቶትሊ ዋሻ አፍ ላይ ነው፤ እዚያ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የዋሻው ጥቁር አፍ ከፊቱ ተከፍቶ ይታየዋል። ቶትሊ 5.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሁለቱ ዋሻዎች ውስጥ ስልካችሁ ኔትወርክ እንደሚይዝ አትቁጠሩ። የስልክ ትኬት የገዛችሁ እንደሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ስልኩ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡት፤ ትኬት ተቆጣጣሪው ዋሻ ውስጥ መጥቶ «አሳየኝ» ሲል ገጹ አልከፈት ካለ ማስረዳቱ ይከብዳል። የባትሪውም ኃላፊነት የተሳፋሪው ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል። በዚህ መስመር ላይ በ2024 የተጠናቀቀው ሥራ ዶር ኤንድ ቶትሊ ጣቢያን ሁለተኛ ፕላትፎርም አስገኝቶለታል፤ ድሮ እዚያ ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለነበር ባቡሮች አንዱ ሌላውን ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ወደ ትኬቱ እንመለስ። ሰዓቱ ለእኛ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በጭንቅላታችን የምንቆጥረው በራሳችን ሰዓት ነው። «ኦፍ ፒክ» የሚባለው ርካሽ ትኬት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በአብዛኛው እስከ 09:29፣ ማለት በእኛ 3:29 ድረስ አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የማታው ክልከላ ነው፦ በማንቸስተርና በዮርክሻየር አካባቢ ባሉ ብዙ የኖርዘርን መስመሮች ከ16:01 እስከ 18:29 ድረስም አይሠራም፤ በእኛ ከቀኑ 10:01 እስከ ምሽቱ 12:29 መሆኑ ነው። ጠዋት ዘግይቶ ሄዶ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚመለስ ሰው በመሄጃው ትክክል ሆኖ በመመለሻው ይያዛል። የእያንዳንዱ ትኬት ክልከላ ኮድ አለው፤ ኮዱን ናሽናል ሬይል ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ዝርዝሩን ማንበብ ይቻላል። «አድቫንስ» የሚባለው ከሁሉም ይረክሳል፤ የሚያገለግለው ግን ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ነው። ያ ባቡር ከተሰረዘ በዚያው ድርጅት ቀጣይ ባቡር ትሄዳላችሁ፣ ሌላ መክፈል የለባችሁም።

ሬይልካርድ የሚባለው የቅናሽ ካርድ ከዋጋው ሲሶውን ይቀንሳል፤ ከማርች 2025 ጀምሮ አብዛኞቹ ካርዶች በዓመት 35 ፓውንድ ናቸው። ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሰጠው ካርድ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ04:30 እስከ 10:00 (በእኛ ከሌሊቱ 10:30 እስከ ጠዋቱ 4:00) የ12 ፓውንድ ዝቅተኛ ዋጋ ደንብ አለበት። በ2024 ይህን ባለማወቅ ጥቂት ፓውንድ ያጎደሉ ወጣቶች ሊከሰሱ መሆኑ አገር ያወቀው ጉዳይ ሆነ፤ ኖርዘርንም ክሶቹን አነሳ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የእንግሊዝ ዋና ማጅስትሬት ኖርዘርንን ጨምሮ የባቡር ድርጅቶች ተከሳሹ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በሚያልቀው ፈጣን ሥርዓት ያስፈረዱባቸው፣ 74,000 ገደማ እንደሚሆኑ የተገመቱ ክሶች የሕግ መሠረት እንዳልነበራቸው ወስነዋል። ይህን ማንሳቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የባቡር ክስ ለስደተኛ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ አለው። ፍርድ ቤት ደርሶ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ለመኖሪያ ፈቃድ ወይም ለዜግነት ሲያመለክት የጥፋተኝነት ውሳኔውን ማሳወቅ ይኖርበታል። ከባቡር ድርጅት የመጣ ደብዳቤ እንግሊዝኛው ቢከብድም ሳይከፈት መቀመጥ የለበትም።

ባቡሩ ላይ የሚሰጠው መደበኛ ቅጣት 100 ፓውንድና የመሄጃው ዋጋ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ቅጣቱ 50 ይሆናል። ይግባኝም በዚያው 21 ቀን ውስጥ ነው። ሬይልካርዱን ቤት ረስቶ የተቀጣ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ካርዱን አሳይቶ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል።

ጥሬ ገንዘብ ብቻ ለሚይዝ ሰው አንድ ቁልፍ ነገር አለ። አብዛኞቹ የኖርዘርን ትኬት ማሽኖች ካርድ እንጂ ብር አይቀበሉም፤ በየመንደሩ ያሉ ጣቢያዎች ደግሞ ትኬት የሚሸጥ ሰው የላቸውም። «ማሽኑ ብሬን አልተቀበለኝም» ብሎ ዝም ብሎ መሳፈር ያስቀጣል። ማሽኑ ስክሪን ላይ «ፕሮሚስ ቱ ፔይ» የሚል ምርጫ አለ፤ መነሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት በነጻ ያወጣላችኋል። ወረቀቱን ይዛችሁ ተሳፈሩና ባገኛችሁት የመጀመሪያ ዕድል፣ ለኮንዳክተሩ ወይም በምትቀይሩበት ጣቢያ መስኮት ላይ ክፈሉ። ማሽኑ ከነጭራሹ የማይሠራ ከሆነ ስክሪኑን ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ትኬት በኖርዘርን በራሱ መተግበሪያ ብትገዙ የአገልግሎት ክፍያ የለውም፤ በአንዳንድ ሌሎች ሻጮች በኩል ግን ይጨመራል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ፣ ከ5 እስከ 15 ያሉት በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ።

እሑድ። ቅዳሴ ለመድረስ በማለዳ መነሳት ለሚፈልግ ምእመን ይህ ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። በሰሜን ምዕራቡ ክፍል የኮንዳክተሮች የእሑድ ሥራ ከመደበኛው የሥራ ሳምንት ውጪ ነው፤ በፈቃደኝነት ላይ ስለተመሠረተ በቂ ሰው ካልተገኘ ባቡሩ እያለ ጉዞው ይሰረዛል። በኦክቶበር 2024 የድርጅቱ ኃላፊዎች ለሠራተኞቻቸው መልእክት ለማድረስ እስካሁን ፋክስ እንደሚጠቀሙ ለአካባቢው ተመራጮች ተናግረዋል፤ ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በዚያ ላይ የሐዲድ ጥገና የሚደረገው እሑድ ነው፤ በማንቸስተር፣ ሃደርስፊልድ፣ ሊድስና ዮርክ መካከል በሚካሄደው ትልቅ ሥራ ምክንያት በባቡር ፈንታ አውቶቡስ የሚመጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የመጀመሪያውም ባቡር ከሌላው ቀን ዘግይቶ ነው የሚነሳው። የእሑዱን ጉዞ ሐሙስ ወይም ዓርብ አይታችሁ አትተማመኑ፤ ቅዳሜ ማታ ከ22:00 (ከምሽቱ 4 ሰዓት) በኋላ እንደገና ተመልከቱት። ድርጅቱ የነገውን የጊዜ ሰሌዳ የሚያጸናው በዚያ ሰዓት ነው። የመዘግየት ካሳም የሚሰላው በዚያ ሰሌዳ ስለሆነ ማታ ቀድሞ የተሰረዘ ባቡር ጠዋት ካሳ አያስገኝም።

ካሳው «ዲሌይ ሪፔይ» ይባላል፣ መብታችሁ ነው፣ ጠይቁት። የ20 ፓውንድ ደርሶ መልስ ትኬት ብትይዙና በአንዱ ጉዞ ከ15 እስከ 29 ደቂቃ ብትዘገዩ 2.50 ፓውንድ፣ ከ30 እስከ 59 ከሆነ 5፣ ከ60 እስከ 119 ከሆነ 10፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 20 ፓውንድ በሙሉ ይመለሳል። የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው እንጂ ባቡሩ የተነሳበት አይደለም። በመካከል ባቡር የምትቀይሩ ከሆነና የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ፣ የምትጠይቁት ያዘገየውን የመጀመሪያውን ድርጅት ነው። ጊዜው 28 ቀን ነው፤ የትኬቱን ፎቶ በዕለቱ አንሱ።

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ድረስ ደግሞ የቅጠል ነገር አለ። የወደቀ ቅጠል በባቡሩ የብረት ጎማ ሥር ሲጨፈለቅ ሐዲዱ ላይ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ሽፋን ይሆናል። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ይንሸራተታል፣ የጎማው ብረት ባንድ በኩል ይላጫል፣ ከዚያ ለሞረድ ወደ ጋራዥ ይገባል። በመከር አራት ፉርጎ የነበረው ባቡራችሁ ሁለት ሆኖ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምግብ የሚሸጥ ሰው በአብዛኞቹ ባቡሮች ላይ የለም፤ አንደኛ ማዕረግም የለም። ብስክሌት በነጻ ይጫናል፣ ግን በአንድ ባቡር ሁለት ብቻ ነው፣ ቅድሚያ ለቀደመ። የኤሌክትሪክ ስኩተር ክልክል ነው። መጸዳጃ ቤቱ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ይቆለፋል፤ ከልጅ ጋር ረጅም ጉዞ ያለው ሰው ጣቢያ ላይ ጨርሶ ቢሳፈር ይሻላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም እርዳታ የሚፈልግ ሰው ፓሴንጀር አሲስት በሚባለው የእርዳታ አገልግሎት በኩል ከጉዞው 2 ሰዓት በፊት ቢያስመዘግብ መወጣጫ ይዘው ይጠብቁታል።

በከምብሪያ የባሕር ዳርቻ መስመር ላይ ባቡሩ ካልጠየቃችሁት የማይቆምባቸው ጣቢያዎች አሉ፤ ብሬይስቶንስ፣ ኔዘርታውን፣ ሲልክሮፍት ከነዚህ ናቸው። ለመሳፈር ለነጂው በሚታይ ቦታ ቆማችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ለመውረድ ቀድማችሁ ለኮንዳክተሩ ንገሩ።

የሚያስፈራ ነገር ሲገጥማችሁ ለባቡር ፖሊስ በ61016 በጽሑፍ መልእክት ላኩ። የሌሊቱ የመጨረሻ ባቡር ተሰርዞ መንገድ ላይ ብትቀሩ ደግሞ ታክሲ ከመጥራታችሁ በፊት በጣቢያው እርዳታ መጥሪያ ወይም ለሠራተኛ ተናገሩ። በጉዞ ደንቡ መሠረት ድርጅቱ በተቻለው መጠን ሌላ መጓጓዣ ወይም ማደሪያ ማዘጋጀት አለበት። ሳይጠይቁ በራስ የተጠራ ታክሲ ሒሳቡን ማስመለስ ያስቸግራል፤ «ራሳችሁ ጥሩ፣ እንከፍላለን» ከተባላችሁም የተናገረውን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጽፋችሁ ደረሰኙን ያዙ።