ድሬዎች፣ የስድስት ወር ዋይፋይ ባንዴ እንዳትከፍሉ

ሳቢያን አካባቢ ተከራይ የበዛበት ግቢ የምትኖሩ፣ ይቺን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳታወጡ። ግቢ ለግቢ እየዞሩ "ያልተገደበ ዋይፋይ" የሚሸጡ ልጆች አሉ። ወርሃዊው ሒሳብ በጣም ርካሽ ነው። ግን የስድስት ወሩን ባንዴ፣ የራውተርና የገመዱን ጨምራችሁ በግል የባንክ አካውንት አስገቡ ይላሉ። ደረሰኝ የለም። ውል የለም።

እኛ ግቢ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እውነትም ይፈጥን ነበር። ከዚያ ሌሎች ግቢዎች ተጨመሩበትና ሞተ። ከሰዓት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከትና በርጫው ሲጀመር፣ ማታም ከ2 ሰዓት በኋላ፣ አንዲት ፎቶ እንኳ አይከፍትም። ስንደውል "ችግሩ ከቴሌ ነው" ይላሉ። ነገሩ ግን የማካፈል ሒሳብ ነው። የ20 ሜጋ ቢት መስመር ለ20 ቤት ከተከፋፈለ፣ ሁሉም እኩል ሲጠቀም ለአንድ ቤት የሚደርሰው 1 ሜጋ ቢት ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ሌላው ነው። ከአከራያችን ጋር ተስማምተው የሌላ ሰው ገመድ ግቢው እንዳይገባ አድርገዋል። ድሬ እኮ ሁለተኛው ኦፕሬተር ከሁሉም ከተማ ቀድሞ የገባባት ናት። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚህ ነው። ዛሬ ከዚራ ቆማችሁ አንዱ ኔት ቢያስቸግራችሁ ሌላውን ሲም ታወጣላችሁ። ሁለቱ ኦፕሬተሮችም ይህን ስለሚያውቁ ደንበኛ እንዳይሄድባቸው ይጨነቃሉ። እኛ ግቢ በር ላይ ግን ይህ ምርጫ ያበቃል።

ብቻውን የሚሸጥ ሁሉ ይበድላል ማለቴ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 የድምፅና የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ40 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ተፎካካሪ አልነበረውም፤ የመንግሥት ድርጅት ነውና ውሳኔው ከላይ መጣ። አቤት የሚባልበት በርም አለው። በ2011 በአዋጅ 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሁለቱንም ኦፕሬተሮች ይቆጣጠራል። የቴሌኮም አገልግሎትን መልሶ ለመሸጥም ከዚያው ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚህን ልጆች ፈቃድ አሳዩን ስንላቸው ወሬ ይቀይራሉ። ውድድሩም ቁጥጥሩም የማይነካቸው ለዚህ ነው።

አቦ፣ ቅናሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በወር በወር ካልሆነ አትግቡ። ስንት ሜጋ ቢት መስመር እንደሆነና ስንት ቤት እንደሚጋራው በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ጎረቤት ቤት ገብታችሁ ፍጥነቱን ማታ ለኩ፤ ጠዋት ሁሉም ይፈጥናል። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ምንም ቢል ተዉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እነሱ ሲያማልሏችሁ የሚከርሙት ልክ በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ለኩ፣ ስክሪንሾት አስቀምጡ።

ቀድማችሁ የከፈላችሁም ዝም አትበሉ። የባንክ ዝውውሩን ማስረጃና የተጻጻፋችሁትን መልእክት እንዳታጠፉ። እኛ ግቢ ያለን ተከራዮች ለከተማው ንግድ ቢሮ የጋራ አቤቱታ እየጻፍን ነው። የሌሎች ግቢዎች ተከራዮችም ማስረጃችሁን ይዛችሁ አብራችሁን ፈርሙ።