ሲቢአር ወይስ ሪዚሊየንት ሞዱለስ?

ሲቢአር (ካሊፎርኒያ ቤሪንግ ሬሾ) የመንገድ አፈር ሸክም የመቻል አቅሙ የሚለካበት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የተጀመረ ሙከራ ነው፤ ዕድሜው ቢገፋም ከላቦራቶሪ አልወጣም። በሲሊንደር ውስጥ የተጠቀጠቀው አፈር አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ቀናት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያም 50 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ፒስተን በደቂቃ 1.27 ሚሊሜትር ፍጥነት ይገባበታል። 2.54 ሚሊሜትር ላይ የተነበበው ግፊት ከመደበኛው የተፈጨ ድንጋይ ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይጻፋል። መሣሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ጎበዝ ቴክኒሻን ይበቃዋል።

መኪና ግን መንገድን እንዲህ ቀስ ብሎ አይወጋውም። ጎማው ይመጣል፣ ይጫናል፣ ያልፋል፤ አፈሩም ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ሪዚሊየንት ሞዱለስ የሚለካው ይህን መመለስ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ አፈሩ ግትር ነው ማለት ነው። ናሙናው በስስ ጎማ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን በአየር ግፊት ተይዞ ለ0.1 ሰከንድ ይጫናል፤ ለ0.9 ሰከንድ ያርፋል፤ ይህም በተለያየ ጫና ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ውጤቱ አንድ ቁጥር አይደለም፦ ጠጠር የዙሪያ ግፊቱ ሲጨምር ይገተራል፣ ሸክላ ግን ተደጋጋሚው ጫና ሲበረታ ይለሰልሳል። ሲቢአር ይህን ጠባይ ጨርሶ አያሳይም።

ብዙዎች ሲቢአርን በ10.3 አባዝተው ሞዱለሱን በሜጋፓስካል ያገኛሉ። ቀመሩ የታሰበው ሲቢአሩ ከ10 ለማይበልጥ ደቃቅ አፈር ነው። ሲቢአሩ 80 በሆነ ጠጠር ላይ ቢሞከር 824 ይወጣል፤ ማሰሪያ ያልተጨመረበት ጠጠር እዚያ አይደርስም! ለአነስተኛ መንገድ ሲቢአር ይበቃኛል። ከባድ ተሽከርካሪ ለሚበዛበት አስፋልት ግን ወጪው ቢከብድም ሪዚሊየንት ሞዱለስን እመርጣለሁ።