ጫማ ሰፊው እና የእናቴ መቁጠሪያ (ጀሞ 2)

መቁጠሪያዬ ታክሲ ውስጥ ተበጠሰ። ረዳቱ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ለቀመልኝ፤ ቤት ገብቼ ስቆጥረው 57 ፍሬ። የእኛ የካቶሊኮች የጸሎት መቁጠሪያ ሙሉው 59 ነው፦ 53ቱ የ«ሰላም ላንቺ»፣ 6ቱ የ«አባታችን ሆይ»። የእናቴ ስለነበር ሌላ መግዛት አላሰኘኝም።

ከታክሲ መውረጃው ጀርባ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር ለሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ሰጠሁት። ማተብ ያሰረ ኦርቶዶክስ ነው፣ የእኛን ዓይነት ነክቶ አያውቅም። አያያዙን ግን ብታዩ! «የጥጥ ክር አያዛልቅም» ብሎ ናይለን አመጣ፣ በየአሥሩ ፍሬ መሃል ቋጠረ፣ ጫፉን በክብሪት አቅልጦ በጥፍሩ ጫን አደረገው። ለጎደሉት ሁለቱ ከአሮጌ ሳንዳል ላይ ቡናማ ጨሌ ነቀለ። ቀለሙ አይገጥምም፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ቅሬታዬ ቀጠሮው ነው፤ «ነገ» ያለው አራት ቀን ፈጀ።

ሂሳቡ 100 ብር። የወር መጨረሻ ነበርና ቦርሳዬ ውስጥ 40 ብቻ። ጠዋት «የዕለት እንጀራችንን» ስል ያሰብኩት ዘይት ነበር እንጂ ጫማ ሰፊ መቼ ትዝ አለኝ! «የኔ እናት፣ ሲኖርሽ ታመጪዋለሽ» አለኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀም። ቅዳሜ ከፈልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ወረፋ አለው።